ለጠላት የሚገዛ ኢንሹራንስ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ከአባቴ ጋር አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ባለችው ሊቶኒያ እንኖር ነበር። እኔ እዚያው አካባቢ ስማይርና በምትባል ከተማ በሚገኝ የአዛውንት መጦሪያ እሠራለሁ፤ ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ነው። አባቴ ጤነኛ ነበሩ፤ የግቢውን ሣር ሳይነካኩ አይውሉም። እኔ ግን ሰው እንዴት እንደሚደክም በየቀኑ ስለማይ ነገን አስብ ነበር። ሐሳቤም ቁርጥ ያለ ነው፦ በየወሩ ባንክ ገንዘብ አስቀምጣለሁ፤ አልጋ ላይ የዋሉ ዕለት ሥራዬን ትቼ ቤታችን አስታምማቸዋለሁ። ባዕድ እጅ ላይማ አልጥላቸውም!

ሰው አርጅቶ ሲደክም የአስታማሚ ወጪ የሚሸፍን ኢንሹራንስ አለ የሚለውን ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ሰምተው ያመጡት አባቴ ናቸው። "የሚሸጠው ሰውዬ ይምጣና እንስማው" አሉ። ቅር ቢለኝም ጠራሁት።

ቅዳሜ ሻጩ መጣ፤ ክራባት ያሰረ ትሑት ሰው። አባቴ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ገና ከመቀመጡ፣ ራስዎን ችለው መታጠብ ቢያቅትዎ ማን ይረዳዎታል ብሎ ጠየቀ። እስቲ ይህን ለአባት እንዴት ይነግሩታል? በእኛ ወግ ክፉ ነገር ለሚወዱት ሰው ፊት ለፊት አይባልም፤ ወደ ጠላቱ ይላካል።

"ጠላትዎ መታጠብ ቢያቅተው ማን ይረዳዋል ይላል" አልኳቸው።

ሰውዬው ቀጠለ፤ እኔም ቀጠልኩ።

"ጠላትዎ ከአልጋ መነሣት ቢያቅተውስ? ጠላትዎ ልብሱን መልበስ ቢሳነውስ?"

አባቴ እጃቸውን አነሡ። "ቆይ እስቲ፤ ይህን ሁሉ ብር የምከፍለው ለጠላቴ ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ። ሻጩም ምኑም ሳይገባው አብሮኝ ሳቀ።

"በይ ተዪ፤ እንዳለው ንገሪኝ። እሱ ስላወራው አልታመምም" አሉ አባቴ።

እንዳለው ነገርኳቸው። ከዚያ የራሴን ጨመርኩ።

"አባዬ፣ ይቅርብዎት። ይሄ የሚከፍለው ነርሲንግ ሆም፣ እኔ የምሠራበት ዓይነት መጦሪያ፣ ከገቡ ብቻ ነው። እኔ ሴቭ እያደረግኩ ነው፤ እዚሁ ቤትዎ አስታምምዎታለሁ።"

"ማን ያጥበኛል?"

"እኔ ነኛ! ሥራዬ አይደል እንዴ?"

"እሱን ነው የማልፈልገው" አሉ ረጋ ብለው። "አንቺ ልጄ ነሽ፤ ራቁቴን እንድታዪኝ አልፈልግም። ባዕድ ይጠበኝ። አንቺ ታጥቤ፣ ለብሼ ስቀመጥ መጥተሽ አጫውቺኝ።"

ከፋኝ። ስንቱን ባዕድ ያጠብኩበት እጅ ለገዛ አባቴ አይሁን ሲባል እንደ ሕፃን ሆድ ባሰኝ። መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት፣ መጦሪያው ውስጥ ሳጥባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። እነሱ የማያውቋትን እኔን እንኳ ያፍሩ ነበር፤ አባቴማ ልጃቸውን እንዴት አያፍሩ!

ሻጩ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። አልተረጎምኩለትም። ወረቀቱን ወደ አባቴ አስጠጋሁና የት እንደሚፈርሙ በጣቴ አሳየኋቸው።