አዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ሰዓት

ዛሬ ሰመራ ከቆመችበት ሜዳ ብዙም በማይርቅ የጥጥ እርሻ የሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ለመድረስ በጭነት መኪና እስከ አዋሽ አንድ ቀን ተኩል፣ ከአዋሽ በባቡር ሌላ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን ግን ሁለት ሰዓት ነው። ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች ደም ሲፈስሳት የክሊኒኩ ድሬሰር «መኪናውን አትችለውም» አለኝ። ደጅ ጠንቼ የእርሻውን ትንሽ አውሮፕላን አገኘሁላት።

ትንሽ አውሮፕላን የሚጭነው ሳይመዘን አይነሳም፤ መዛኙ ደግሞ እኔው ነኝ። ጠዋት የጥጡን ሚዛን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አስወጣሁ። ባለቤቴ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ተቀመጠችበትና «ከጥጡ ጋር ልትሸጠኝ ነው?» አለችኝ። በዚያ ሁኔታዋም ትቀልዳለች። አብራት የምትሄደውን እህቷንና አምስት ጆንያ የናሙና ጥጥ መዝኜ ወረቀቱን ለካፒቴኑ ሰጠሁት። እኔ ባለቤቴን ሳመቻች እሱ ወደ ቤንዚኑ በርሜል ሄደ። ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱ።

አቧራው ሳይረጋ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለቃሚዎች ጥጥ ሲያመጡ ለጆንያውና ለእርጥበቱ ተብሎ ከእያንዳንዱ ሸክም ሦስት ኪሎ ቀንሰን ነበር የምንጽፈው። አራት ዓመት ሙሉ እጄ ይህንን ለምዷል። ለካፒቴኑ የሰጠሁትን ወረቀት ረቂቅ ከኪሴ አወጣሁ። ከባለቤቴም፣ ከእህቷም፣ ከጆንያዎቹም ሦስት ሦስት ኪሎ ቀንሻለሁ። በዚያ ሙቀት፣ ተራራ ለሚሻገር አውሮፕላን ሃያ አንድ ኪሎ ደብቄያለሁ ማለት ነው።

ወደ ሬዲዮ ቤት ሮጥኩ። ኦፕሬተሩ የወሎ ሰው ነው፤ ደጋግሞ ቢጠራም መልስ የለም። «ርቀው ሄደው ነው፣ አብሽር ወንድሜ፣ በአላህ ፈቃድ ይደርሳሉ» አለኝ። አራት ሰዓት ሆነ፤ መድረሻቸው ነበር። አራት ተኩል ሆነ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ በማስመሪያ ለካሁ፤ የሚያጥርልኝ ይመስል መልሼ ለካሁት። «በገዛ እጄ ገደልኳት» አልኩ ጮክ ብዬ። ኦፕሬተሩ ውሃ ሰጠኝ።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከአዲስ አበባ ተጠራን። ደርሰዋል፤ ባለቤቴም ሆስፒታል ገብታለች። እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ካፒቴኑ በማግስቱ ሲመለስ ጥፋቴን ነገርኩት። ይጮህብኛል ስል ሳቀ።

«የሚዛን ጸሐፊ የጻፈውን አምኜ ተነስቼ አላውቅም» አለኝ። «የአንተን ወረቀት ሳይ ክብደቱ እንዲቀልልኝ ቤንዚኑን በግማሽ አስቀረሁና አዋሽ አርፌ የሚያደርሰኝን ያህል ጨመርኩ። የዘገየሁት ለዚህ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ንግግር እጣላው ነበር። ያን ቀን ግን እጁን ይዤ አልለቅ አልኩት። ያ ሰው አምኖኝ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ከወዲያኛው ክፍል «ምን እየጻፍክ ነው?» የምትለኝ ሴት አትኖርም ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።