የቆጣሪ እሽግ አይቆጠርም

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለው የማምከኛ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት አለች። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለሌላው ሰው ሁሉ «ቆጣሪ» ናት። መብራት ሲጠፋ እንኳ የማይቆም ቆጣሪ እሷ ብቻ ናት እያሉ ይቀልዱባታል።

ሥራዋ ጎዝ ማጠፍ ነው። ጎዝ ሐኪሞች ሆድ ሲከፍቱ ደም የሚያደርቁበት ስስ ነጭ ጨርቅ ነው። አሥር አሥር አድርጋ ትቆጥራለች፣ ትጠቀልላለች፣ ታስራለች፣ ከዚያ የማምከኛውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ማሽነኛ ተቀብሏት በእንፋሎት ያመክነዋል። ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ኦፕራሲዮን ክፍል አሥር ጎዝ ከገባ አሥር መውጣት አለበት። ዘጠኝ ከወጣ አንዱ ሰው ሆድ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ጎዝ ደግሞ ይመግላል፣ ሲብስም ይገድላል።

ቆጣሪ ካቶሊክ ናት፤ ያውም የእጅ ካቶሊክ። ድሮ ክፍሉን ያስተዳድሩ የነበሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ናቸው ያስተማሯት። «ልጄ፣ እጅሽ ሲያጥፍ አፍሽ ሥራ አይፍታ፤ እግዜር ጸሎት ቤት ብቻ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅሽ እንዳይመስልሽ» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቁጠሪያዋ ጎዝ ሆነ። ለአንድ ጎዝ አንድ «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ» ትላለች። አሥር ሲሞላ «አባታችን ሆይ» ብላ እሽጉን ታስራለች። ጎዙ ከፋብሪካ ሃምሳ ሃምሳ ሆኖ ይመጣል፤ ሃምሳው አምስት እሽግ ይወጣዋል፣ አምስት እሽግ ደግሞ አንድ ሙሉ መቁጠሪያ ነው። እሽጎቹ ላይ ቀኑንና ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ተራ ቁጥር ትጽፍና መዳፏን ጭና «ይሄ የማንን ደም እንደሚጠጣ እኔ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ» ትላለች። እንፋሎቱ ፊቷን እየለበለባት፣ ወገቧ እየተቆረጠ፣ ከማታየው በሽተኛም ከእሷም አጠገብ እግዜር ቆሞ እንዳለ ይሰማት ነበር። ለማንም ነግራ ግን አታውቅም፤ ማሽነኛው ቢሰማ ሳምንት ሙሉ ይስቅባታል።

በደንቡ የኦፕራሲዮን ነርሶች እሽግ ሲከፍቱ እንደገና መቁጠር አለባቸው። ግን በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ጎዝ ጎድሎባት ስለማያውቅ ላይ ቤት አንድ አባባል ተለመደ፦ የቆጣሪ እሽግ አይቆጠርም። ሙገሳ ነበር። ሙገሳ ደግሞ ዝም ሲሉት ደንብ ይሆናል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የግድግዳው ስልክ ጮኸ። የኦፕራሲዮን ነርሷ ነበረች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«እትዬ፣ የማክሰኞን ሁለተኛና ሦስተኛ እሽግ ከፍተን ነበር። ሃያ ነው አይደል?»

«ሃያ ነዋ! ምን ሊሆን ኖሯል?»

«አሥራ ዘጠኝ ነው የወጣው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም ይላል፤ በሩጫ ሆዷ ይከፈታል፤ ሁለት እሽግ ሳይቆጠር ይበተናል። ደሙ ቆመ ተብሎ ሊሰፉ ሲሉ አንድ ጎዝ ታጣ። ወለሉን አዩ፣ ባልዲውን ገለበጡ፣ አንሶላውን አራገፉ፣ የለም። ያ ዓይነት ጎዝ በራጅ አይታይም። ሐኪሙ እጃቸውን መልሰው አስገብተው እየፈለጉ ነው።

«የደም ግፊቷ እየወረደ ነው» አለች ነርሷ። «ማደንዘዣ ሰጪው ‹ዝጉ፣ ከዚህ በላይ አትችልም› ይላል። ዶክተር ደግሞ ‹በርግጥ ሃያ ከነበረ ትቼው አልዘጋም› አሉ። እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ከመቼ ወዲህ ነው የኔ እሽግ የሚጎድለው?» አለችና ስልኩን ዘጋች። ተቆጥታ ነበር።

ሦስት እርምጃ እንደተራመደች ክው አለች። ማክሰኞ!

ማክሰኞ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ፣ አርብ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ የምስጋና ወረቀት እንደሚሰጣት ነግሯት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንዲት ስሕተት ተብሎ። «አንድ ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ» አላት። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ምን ጸለየች? ከንፈሯ ከእመቤታችን ጋር ነበር፤ ልቧ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር። «እኔ እንኳን ለዚህ የምበቃ አይደለሁም» ብላ ልትጀምር አስባ፣ «እኔ ለዚህ የምበቃ አይመስለኝም» ይሻል ይሆን እያለች ስታማርጥ ነው እሽጎቹ የታሰሩት። ንግግሩ ስለ ትሕትና ነበር።

ሁለተኛውን እሽግ ማሰሯን አስታወሰች፤ ሦስተኛውን አላስታወሰችም። አንድ «ጸጋን የተሞላሽ» ብላ ሳታነሳ ያለፈችው ጎዝ ይኖር ይሆን? እንጃ። ሃምሳው ግን ሃምሳ ነበር፤ ስትረከብ ከማሽነኛው ጋር ሁለት ሆነው ነው የቆጠሩት፣ ጠረጴዛዋ ላይም አንድ አልተረፈም። ስለዚህ ከሦስተኛው አንድ ጎድሎ ከሆነ አራተኛው ወይ አምስተኛው ላይ አንድ ተርፏል።

ወደ መደርደሪያው ዞረች። የማክሰኞ አንደኛ፣ አራተኛና አምስተኛ እሽጎች እዚያው ነበሩ። አራተኛውን አንስታ ማሰሪያውን ያዘች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ማሽነኛው።

«ልቆጥር።»

«አብደሻል? የመከነ የቀረን እነዚህ ሦስቱ ናቸው! ማሽኑ ገና አሁን ነው የጀመረው፤ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል። ሴትዮዋ እንደገና ብትደማ በነጠላሽ ሊያደርቁላት ነው?»

እጇ ማሰሪያው ላይ ቀረ። እውነቱን ነው። እዚህ በተከፈተ አየር ከፈታችው ጎዙ ይበከላል። ጎዙ ሳይበከል መቆጠር የሚችለው ላይ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ንጹሕ ጠረጴዛው ላይ፣ በነርሷ እጅ፣ በሁሉም ፊት ነው። ያ ማለት ደግሞ «እርግጠኛ ነኝ ያልኩት እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ በር ላይ መቆም ነው። ዝም ማለትም ይቻል ነበር። ቃሏን ሰጥታለች፤ ሐኪሙ ይፈልጉ፤ ቢገኝ እሰየው፣ ባይገኝ ማን ይጠይቃታል? የቆጣሪ እሽግ አይቆጠርም። ይህ ሐሳብ መጣባት፤ አልመጣባትም ብንል እንዋሻለን።

ሦስቱንም እሽጎች ታቅፋ ወጣች።

አሳንሰሩን ልትጠብቅ አልቻለችም፤ በደረጃው ወጣች። አራት ፎቅ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ከከዳት ቆይቷል። ልትጸልይ ፈለገች። ያን በቀን ስንት ጊዜ የምትለውን ጸሎት ፈለገችና አጣችው፤ የመጣላት መጨረሻው ብቻ ነው፦ «አሁንም በሞታችንም ጊዜ»። በየደረጃው እሱን ደጋገመች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስትተነፍስ ነው ምን መለመን እንዳለባት የገባት። አሥር፣ አሥር፣ አሥር ሆኖ ከተገኘ እሷ ንጹሕ ናት፤ ጎዙ ግን እናትየዋ ሆድ ውስጥ ነው። አንዱ አሥራ አንድ ከሆነ እናትየዋ ትተርፋለች፤ እሷ አለቀላት። በዕድሜዋ ሁሉ እግዚአብሔርን ከስሕተት ጠብቀኝ ስትለው ኖራለች። አሁን ግን «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ይሁን» አለች። የታሰረው እንደ ታሰረ ነው፤ በጸሎት እንደማይለወጥ ታውቃለች። ቢሆንም ለመነች፣ ከልቧ ለመነች።

ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ውጭ አግዳሚ ላይ የወላዷ ባል ተቀምጧል። ሴትዮዋ እሽግ ታቅፋ እያለከለከች ስትመጣ ሲያይ ተነሣ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው? ለምን ቆዩ?»

አልፋው ገባች። በውስጠኛው በር ላይ፣ በውጭ ጫማ የማይታለፈው ቀይ መስመር ጋ ቆመች። ሐኪሙ ጎንበስ እንዳሉ ናቸው፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ደም ነው። የልብ ምት ማሽኑ ጢ፣ ጢ ይላል፤ በጣም ይፈጥናል።

«ዶክተር፣ እርግጠኛ ነኝ ያልኩት ውሸት ነው።»

ቀና ሳይሉ «ዘጠኝ ነበር እንዴ?» አሉ።

«አላውቅም። ማክሰኞ ስቆጥር ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጠቅላላው ሃምሳ ነው፤ እሱ ላይ አልጠራጠርም። የቀሩት ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ንጹሑ ጠረጴዛ ላይ ይቆጠሩ። ሠላሳ ከሆኑ ውስጧ አለና ይፈልጉ። ሠላሳ አንድ ከሆኑ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይዝጉላት።»

ማደንዘዣ ሰጪው ዞሮ አያት። አንዲት ረዳት እሽጎቹን ተቀብላ የውጭውን ጨርቅ ገለጠች፤ ነርሷ በጓንት እጇ ውስጠኛውን አንስታ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።

አንደኛው እሽግ አሥር ሆነ።

«ግፊቷ ሰባ ገብቷል» አለ ማደንዘዣ ሰጪው።

አራተኛው እሽግ። ቆጣሪ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ነርሷ ቆመች። አሥር ነው።

የበሩን መቃን ያዘች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ ያሰኛት የነበረው ቁጥር ነው፤ አሁን እንደ መርዶ ሰማችው። አንድ እሽግ ቀረ። ሐኪሙ ፍለጋቸውን አላቆሙም።

«ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር» አለች ነርሷ፤ እጇም ባዶ ሆነ።

ቆጣሪ መስመሩን ረስታ አንድ እግሯን አሳለፈች። «የመጨረሻዋን ለያት!» ብላ ጮኸች። «እንፋሎት ያጣብቀዋል፤ ለያት የኔ እናት!»

ነርሷ የመጨረሻዋን ጎዝ በሁለት ጣቷ አሸት አደረገቻት። ጫፏ ተገለጠ። ከሥሯ ሌላ ጎዝ ወጣ።

«አሥራ አንድ።» ደግማ ከመጀመሪያው ቆጠረች። «አሥራ አንድ ነው፣ ዶክተር።»

«ክር» አሉ ሐኪሙ።

ከዚያ በኋላ ወደ እሷ የዞረ ሰው የለም፤ ሁሉም ሥራው ላይ ነበር። እሷ ግን እዚያው ቆማ «የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ ጥፋት ነው» ትላለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ደግሞ ይስቃል። እሑድ እሑድ በቅዳሴ «በእኔ በደል» እያለች ደረቷን ስትመታ ስንት ዘመኗ ነው፤ በየትኛው በደል እንደሆነ አስባ ግን አታውቅም፣ እጇ ነበር የሚያውቀው። ዛሬ ቃሉ ባለቤቱን አገኘ። ያ በእንፋሎቱ መካከል አጠገቧ የሚሰማት ደግሞ የትም አልሄደም ነበር። ማክሰኞም ነበረ፤ የሄደችው እሷ ናት።

ወላዷ ተሰፍታ፣ ግፊቷ ቀና ብሎ፣ ነርሷ ጓንቷን አውልቃ ወጣች። «እትዬ፣ እኔም ስከፍተው ብቆጥር ኖሮ...» አለች። ሁለቱ አብረው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ባልየው የቆጣሪን እንባ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሞተች?»

«ኧረ ደህና ናት!» አለች ነርሷ ቶሎ ብላ። «ትንሽ ያዘገየን ነገር ነበር እንጂ...»

ያዘገየን ነገር። እዚህ ላይ ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ነርሷም የማምለጫ በር ከፍታላት ነበር።

«ያዘገየሁት እኔ ነኝ» አለች ቆጣሪ። «የጎዝ ቁጥር ተሳስቼ አሰርኩ። ከዚያ ሲጠይቁኝ ልክ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ሚስትህ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆዷ ተከፍቶ የቆየችው በኔ ነው።»

ሰውየው ትክ ብሎ አያት። የመንጋጋው ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ነርሷ በመካከላቸው ልትገባ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ቆጣሪ ግን አልሸሸችም፤ ቢመታት እንኳ እጇን እንደማታነሣ ወስናለች።

«በሕይወት አለች ነው የሚሉኝ?»

«አለች።»

«ልጄስ?»

«እሷም ደህና ናት» አለች ነርሷ። «ጡት ፈልጋ እየጮኸች ነው።»

ሰውየው ፊቱን በመዳፉ ሞዠቀና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እንግዲያው እትዬ፣ ሌላ ቀን መጥቼ እቆጣዎታለሁ» አለ። «ዛሬ ጊዜ የለኝም፤ ሚስቴን ያሳዩኝ።»