በተዝካር ዳስ የተፈረመ ደብዳቤ

የወሰዱኝ በባለቤቴ የአርባ ቀን ተዝካር ማግስት ነው። ዳሱ ገና አልፈረሰም ነበር። ከመጡት ሁለት ፖሊሶች አንዱ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እግዜር ያጥናዎት። ለጥያቄ እንፈልግዎታለን» አለኝ።

የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የራሰ ገለባ ይሸታል።

«በምን ገባሽ?» አለችኝ የክፍሉ እስረኞች አለቃ፣ ካቦዋ፣ በጠብ የታሰረች የደምበጫ ጠላ ሻጭ።

«በደብዳቤ።»

«የፍቅር ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ።  ካቦዋ ጥቁር ልብሴን ስታይ ምንጣፏን ጠጋ አድርጋ፣ «ነይ እቴ፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

ነገርኳቸው። ባለቤቴ ከደጀን በታች ካለ የድንጋይ ማውጫ ካባ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዝናብ ሲጥል ባደረበት ጠዋት ከሥር ሲቆፍሩ ገደሉ ተናደበት። ሠራተኞቹ ሁሉ ዝናብ ባደረበት ቀን ከሥር እንደማይቆፈር ያውቃሉ፤ ደንቡ ላይ ግን የለም። የማዕድን ሥራ ደኅንነት ሕግ ሊሻሻል ነው ሲባል ማኅበራቸውን የጠየቀ አልነበረም። እኔም «የሠራተኛው ማኅበር ሳይጠየቅ ሕጉ አይጽደቅ» የሚል ደብዳቤ ለመንግሥት ጻፍኩ። የካባው ሰው ሁሉ ለተዝካሩ ስለሚመጣ፣ ከፍትሐቱ በኋላ እዚያው ዳስ ውስጥ አስፈረምኩ። ለተዝካር የመጣ ሰው ወረቀት ላይ ስለፈረመ «ያልተፈቀደ ስብሰባ» ይባላል ብዬ አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮውም ማፍሰስ ጀመረ። ካቦዋ የመኝታውን ተራ ልትቀይር ተነሳች። መጀመሪያ ግን ጥግ ላይ የምትተኛዋን አሮጊት ጠየቀች።

«እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?»

«እዚህ ጋ። ንፋስ ሲኖር ደግሞ እዚያ። አንቺ ስታንኮራፊ ምኑን ታውቂዋለሽ!»

«እውነትዎን ነው፤ በደረቅ ተኝቼ ምኑን አውቃለሁ?» ብላ ሳቀች፤ አሮጊቷ እንዳለቻትም ደለደለችን።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። «ተሳስቼ ነው፤ ደብዳቤውን ትቼዋለሁ» የሚል ወረቀት ከነእስክሪብቶው አቀረበልኝ።

«ይፈርሙና ቤትዎ ይግቡ።»

«ደብዳቤው ምን ይሆናል?»

«ይቀራል። እናቴ፣ ሕግ የሚያረቁ ባለሙያዎች አሉ። እርስዎ ስለ ካባ ምን ያውቃሉ?»

«እኔማ አላውቅም ልጄ። የሚያውቁት የፈረሙት ናቸው። እነሱን ጠይቋቸው።»

«ካልፈረሙ እዚሁ ይሰነብታሉ።»

 እስክሪብቶውን ከድኜ በሁለት እጄ መለስኩለት። ተቀብሎ፣ «ወደ ክፍልዎ ይመለሱ» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ሳልፈርም ለቀቁኝ። ለካ የማኅበሩ ሰዎች የደብዳቤውን ቅጂ ይዘው ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ ሰንብተው ኖሯል።

ያ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ሕጉ ገና አልወጣም፤ ሲወጣም የእኔን ሰው አይመልስልኝም። ይህን እያወቅሁ ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ማኅበሩ በረቂቁ ላይ ሐሳብ እንዲሰጥ ተጠርቶ ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ከባለቤቴ ጋር ይቆፍር የነበረ አንድ ሠራተኛ ተነስቶ ዝናብ ባደረበት ቀን ስለሚሆነው መናገር ጀመረ። ፈርቶ ነው መሰለኝ ቃሉን ያጣድፈው ነበር።

የሕግ አርቃቂዎቹ ሰብሳቢ ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ «ቀስ ይበሉ ወንድሜ» አለው፤ «እየጻፍኩ ነው።»