የቀናሁባትን ዕጩ መረቅኋት

«አዴ ዲንቄ፣ ይነሱና ዕጩዋን ይመርቁልን» ሲሉኝ ዛሬ ጠዋት ጊንጪ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ወዲያው አልተነሳሁም። ከእርጅና አይደለም፣ ከቅናት ነው።

ለጨፌው፣ ለክልላችን ምክር ቤት፣ የምትወዳደረው ጫልቱ እኩያዬ ናት። ልጆች ሳለን እኔ በአባቷ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ዩኒፎርሟን አጥብ ነበር፤ እሷ ለብሳው ትማር ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው።

ንግግሯ ጥሩ ነበር። ለጎልማሶች የማታ ትምህርት፣ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ለቤት ሠራተኛ የጽሑፍ ውልና የሳምንት ዕረፍት እንዲኖር እታገላለሁ አለች።

በራሪ ወረቀቷን ስህተት ባገኝበት ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። አንድም የለውም፣ ይብላኝ ለእኔ! ኖሬው የማውቀው እኔ፣ የሚጨበጨብላት እሷ።

ተነሳሁና እጄን ዘረጋሁ። «ተመረጪ። የሠራተኛ ዕረፍትም ከራስሽ ቤት ይጀምርልሽ!» አልኩ። ባለፈው እሑድ ሠራተኛዋ ልብስ ስታጥብ አይቻታለሁ።

ሰዉ «ሃዬ!» እያለ ምርቃቴን በሳቅ ተቀበለ። ጫልቱ አልሳቀችም።

«የእኔዋ እሑድ እሑድ ታርፋለች» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

ማይኩን ጠጋ አድርጋ «ከፊታችን እሑድ» አለች።

ለዚህም ተጨበጨበላት! አሁንም እቀናባታለሁ። ድምፄን ግን የምሰጠው ለእሷ ነው፤ እሑድ በበሯ አልፌ ካየሁ በኋላ።

እናንተስ የምትቀኑበትን ሰው መርቃችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ቀናተኛዋ እኔ ብቻ አልሁን።