ያልከፈትኩት ሰባተኛ ክዳን

ዛሬ ከሰዓት ልጄ ሳምራዊት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ሽታው ግን ቀድሟት ሳሎን ደርሶ ነበር። ኢንጂነሪንግ ጨርሳ ከጓደኞቿ ጋር ማህበር ካቋቋመች ዓመት አልሞላትም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ላወጣው የፍሳሽ መስመር ጥገና ጨረታ ሳይት ስታይ መዋሏ ነው።

"አባዬ፣ እንዳትስቅብኝ" አለች። ማን ይስቃል? ያን ሽታ እኔም አውቀዋለሁ።

"የማንሆሎቹን ክዳን ሁሉ ከፍተሽ አየሽ?"

"ሁሉንም፣ ከአንዱ በቀር።"

የያዝኩትን ማንጎ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

እኔም በእሷ ዕድሜ ተጫራች ነበርኩ። አምስት ሆነን ነበር የተደራጀነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቀን ሥራ ፍለጋ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ስንመላለስ ጫማችን ያለቀ ልጆች። የማህበሩን ማህተም ሊቀመንበራችን ማቴዎስ በመሀረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር የሚይዛት። ማቴዎስ የልብ ጓደኛዬም ነበር። ከገበያው ጀርባ ተነስቶ ወደ ኩልፎ ወንዝ የሚወርደው የፍሳሽ መስመር ጥገና ለጨረታ ሲወጣ በስማችን የተጻፈ መሰለን። ለጨረታ ማስከበሪያ ግን ሲፒኦ፣ ባንክ የሚያረጋግጠውን የዋስትና ገንዘብ፣ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ከእኛ መሀል ደግሞ ቤሳ ያለው አልነበረም። የማቴዎስ እናት እማማ ዘነበች ያለቻቸውን አንዲት ላም ሸጡልን። "ስታሸንፉ ከነጥጃዋ ትመልሱልኛላችሁ" አሉ እየሳቁ።

ሳይት ማየቱ ለእኔ ተሰጠ፤ ንድፍ የምችለው እኔ ነኛ! የበልግ ዝናብ ሊጀምር በአባያ ሐይቅ በኩል ሰማዩ የጠቆረበት ሰሞን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዲጂኖ ተሸክሜ ወጣሁ። መስመሩ ላይ ካሉት ሰባት ማንሆሎች፣ ከፍሳሽ ጉድጓዶቹ፣ የስድስቱን ክዳን እየፈነቀልኩ፣ እየገባሁ፣ ቱቦው የት እንደተሰነጠቀ፣ የት እንደተደፈነ ጻፍኩ። ሰባተኛው ከጸሎት ቤታችን አጥር አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። እዚያ ስደርስ እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሻለሁ። ጭቃ ልበለው እንጂ ጭቃስ አልነበረም።

ከአጥሩ ወዲያ ኳየሩ ይለማመዳል። በኳየሩ ውስጥ ምህረት አለች፤ ስድስት ወር ሙሉ "ሰላም ነሽ?" ለማለት ስዘጋጅ የከረምኩላት ልጅ። መዝሙሩ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። አይ እኔ! ዲጂኖውን ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውሬ እንደ ማንኛውም መንገደኛ አለፍኩ። "ሰባተኛው ከስድስተኛው በምን ይለያል?" አልኩ ለራሴ። ቤት ገብቼ የጨረታው ቅጽ ላይ ለሰባተኛው "ደህና" ብዬ ሞላሁ።

የጨረታው መክፈቻ ቀን ሙቀቱ አይጣል ነው። ሳጥኑ ታሽጎ፣ ፖስታዎቹ እስኪከፈቱ ስንጠብቅ፣ አጠገቤ ጋሽ ታደሰ ተቀምጠው ነበር፤ በዚሁ ሥራ ያረጁ ኮንትራክተር ናቸው። ጠጋ አሉኝና "ሰባተኛውን እንዴት አደረጋችሁት?" አሉ።

"ደህና ነው።"

"ደህና? የኔ ልጅ፣ ሾላው ሥሩን አስገብቶ ቱቦውን ፈጭቶታል እኮ! ከዚያ በታች ያለው መስመር በሙሉ ወጥቶ እንደ አዲስ ነው የሚቀበረው።"

ዋጋችን ፖስታው ውስጥ ነው፣ ፖስታው ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ታሽጓል። ካሸነፍን በዚያ ዋጋ ሠርተን እንከስራለን፤ አንሠራም ካልን ሲፒኦው ይወረሳል፣ የእማማ ዘነበች ላም ቀረች ማለት ነው። የሚያድነን መሸነፍ ብቻ ነበር። ማቴዎስ ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ "ጌታ ሆይ፣ ለእኛ አድርገው" ይላል። እኔ በሆዴ "ጌታ ሆይ፣ ለሌላ ስጠው" እላለሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘን እርስ በርስ የሚጣላ ጸሎት ጸለይን፤ ከሁለታችን ማንን ይስማ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የእኛ ዋጋ ሲነበብ አዳራሹ አጉረመረመ፤ ከሁሉም በብዙ ያነስነው እኛ ነበርን። ማቴዎስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ደጅ ቆመው ሲጠብቁ የነበሩት እማማ ዘነበች እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ ታደሰ ብቻ ወለል ወለሉን ያያሉ።

የአሸናፊነት ደብዳቤ እስኪመጣ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። የማህበሩ ልጆች የአሳ ጥብስ ጋበዙኝ፤ አልወርድ አለኝ። በራችን በተንኳኳ ቁጥር ደብዳቤው የመጣ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ ማቴዎስን ሾላው ሥር ወሰድኩትና ክዳኑን ፊቱ ላይ ከፈትኩት። ቱቦ የለም፤ ሥር ብቻ።

"አልከፈትከውም ነበር?" አለኝ።

"አልከፈትኩትም።"

"ለምን?"

"ኳየሩ ወጣ። አፈርኩ።"

ማህተሟን ከኪሱ አውጥቶ አየት አደረጋትና መልሶ ጠቀለላት። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስታችንም ተማክረን ከሥራው ራሳችንን አገለልን፤ ሲፒኦው ተወረሰ። እማማ ዘነበች እንደ ልጃቸው ዝም አላሉም። "ላሜን የበላት ሾላው አይደለም፣ ይሉኝታህ ነው" አሉኝ።

ሥራው በዋጋ ሁለተኛ ለነበሩት ለጋሽ ታደሰ ደረሰ። ሄጄ የቀን ሠራተኛ እንዲያደርጉኝ ለመንኳቸው፤ ሰባተኛው ላይ መደቡኝ። እስከ ወገቤ ገብቼ ሥር በመጋዝ ስቆርጥ ኳየሩ በየቅዳሜው ከላዬ ያልፋል። ለእማማ ዘነበች አንዲት ጊደር እስክገዛ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ማቴዎስ ግን ሐዋሳ ገባ፤ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለንም። ምህረትን ኋላ ደፍሬ ባወራት፣ ያን ቅዳሜ ወባ ይዟት ልምምድ አልመጣችም ነበር። ወይ ጉድ! ጓደኛዬን ያጣሁት እዚያ ያልነበረች ልጅ እንዳታየኝ ብዬ ነው።

"የትኛው ነው የቀረሽ?" አልኳት ሳምራዊትን።

"ካፌው ፊት ለፊት ያለው። ሰው ሞልቶ ነበር አባዬ። ደግሞ ከሌሎቹ አይለይም።"

ይህን ሁሉ አላወራኋትም። ጫማሽን አድርጊ አልኩና ዲጂኖውን ከጓሮ አወጣሁ። ካፌው እንደሞላ ነው። አንዱ አፍንጫውን ያዘ፣ ሌላው ስልኩን አወጣ። ልጄ አቀረቀረች። ሰው የሚያየው ለአንድ ማኪያቶ ያህል ጊዜ ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት፤ ክዳኑን አብረን ፈነቀልነው። ሽታው እስኪወጣ ጠበቅን። ቦርሳዋን ሰጠችኝና ባትሪዋን አብርታ ወረደች።

ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ ከታች መጣ። "አባዬ! ይሄኛውስ እንደሌሎቹ አይደለም።"