ያልተዘፈነበት ደጃፍ

የምጸየፈው ፊሽካ አለ። የሌላ ሰው ፊሽካ አይደለም፤ የራሴው ነው፣ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቆቦ ከተማ የሶለል በዓል ልጃገረዶችን ለመድረክ የማሰለጥንበት።

እኔ ልጅ እያለሁ ሶለልን የሚያሰለጥን አልነበረም። ፍልሰታ ሲፈታ እኛ የሮቢት መንደር ሴት ልጆች ወገባችን ላይ ለምለም ሣር አስረን፣ ፀጉራችንን ቅቤ ተቀብተን፣ ከበሮ ይዘን ከቤት ቤት እንዞራለን። ቅቤው በዚያ ሙቀት ቀልጦ አንገታችን ላይ ይወርዳል፤ ዝንቡም አብሮን ይዞራል። ዘፈኑን የምታወርድልን የሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ከእኛ ሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ድምፅዋም እንዲህ የሚወራለት አልነበረም። ግን ማን እንደከፋው ከሁላችን ቀድማ ታውቃለች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲገባ አባቴ ሞተ። የሶለል ለት ከበሮው ከሩቅ ሲመጣ ሰምቼ በሩን ዘጋሁት። ሐዘን ያለበት ቤት እንደማይዘፈን አውቃለሁ፤ ግን አልፈውኝ ሲሄዱ ማየት ፈራሁ። ያን ቀን ቢያልፉኝ ኖሮ ዳግመኛ ከሰው መሃል የምገባ አይመስለኝም ነበር።

ከበሮው ደጃፋችን ሲደርስ ዝም አለ። በሩን ገርበብ አድርጌ ሳይ ያ ሁሉ ልጅ ደጅ ከነበረችው እናቴ ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል። የሽ እናቴን “እግዜር ያጥናዎት” አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና “አትዘፍኚም። መሃላችን ሁነሽ መሄድ ብቻ ነው” አለችኝ። እናቴም “ሂጂ፣ ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው” አለች። ጥቁሬን እንደለበስሁ ወጣሁ። እነሱ ሲዘፍኑ እኔ ዝም ብዬ ስሄድ ዋልኩ፤ ማታም ጠግቤ በላሁ።

አሁን እኔ አሰልጣኝ ነኝ እንግዲህ። አንድ ዓይነት ቲሸርት አለብሳቸዋለሁ፣ በፊሽካ አሰልፋቸዋለሁ፣ “መቀራረብ” በምንለው ጨዋታ አዘልላቸዋለሁ፣ በምልክት አስቃቸዋለሁ። ዘንድሮ በመድረኩ ለት ከጎብዬ የመጣች አንዲት ልጅ ጥቁር ሻሽ አስራ ፊት ረድፍ ላይ ድርቅ ብላ ቆመችብኝ። ፊሽካዬን ነፋሁባት። “ፊትሽን ፍቺው እንጂ፣ እንግዳ ይመጣል” አልኳት። ከጎኗ ያለችው “እናቷ ሞታባት ነው” አለችኝ። ሰማሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። እሷ ከወጣች ረድፉ ይጎድላል፤ እኔ ያሳሰበኝ እሱ ነው። “ለዛሬ ብቻ ቻይው” ብዬ ሻሿን በእጄ ፈታሁት።

መድረክ ላይ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት። ጥርሷ እስኪደርቅ ሳቀች። ታዳሚው አጨበጨበ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ሌላውን ሰው መጸየፍ ቀላል ነው፤ የራስን እጅ ወዴት ይጥሉታል?

ከመድረክ ስትወርድ ላቧ እየተንጠባጠበ ወደ እኔ መጣች።

“እትዬ፣ በደንብ ሳቅሁ?” አለችኝ።

እኔን ያኔ ጥቁር ለብሼ ሳቂ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን “ጎበዝ” አልኳት፤ ልጅቱም ዝቅ ብላ እጄን ሳመችኝ።