ለወፍ የተሳልኩት ጥላ

ባሕር የተሻገረ ሰው ትሑት ሆኖ ይመለሳል ይባላል። እኔ ሃያ ስድስት ቀን በሸራ ጀልባ ሄጄ የተመለስኩት እንደነበርኩ ነው፤ አንድ የስለት ጥላ ከመሳሌ በቀር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ በአሜሪካኗ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያ መኪናውን የሚያቆም ጡረተኛ ሐኪም ሁልጊዜ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ያየኛል። አንድ ቀን፣ “ጀልባዬ ላይ ሆነህ አንብብ፤ ተራህ ሲደርስ ግን መሪውን ትይዛለህ” አለኝ። ውቅያኖሱ መሃል ወዳሉት የአዞሬስ ደሴቶች ሊሻገር ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

“ዋና ትችላለህ?”

“አልችልም።”

“እንግዲያው ለገብርኤል ጥላ ተሳል።”

“እኔ ከመላእክት ጋር አልደራደርም።”

ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች።

የተነሣንበት ወንዝ አልቆ ባሕሩ ሲከፈት ቀኖቹ ስማቸውን ጣሉ። ማክሰኞ ይሁን ቅዳሜ መጠየቅ ተውን። ጠዋት ጠዋት ዶልፊኖች ከፊታችን ይቀድማሉ፣ ሰልችቷቸው ይሄዳሉ። የሚበርሩ ዓሦች ከውሃው ተነሥተው እንደ እፍኝ ስንዴ ይበተናሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ነባሪ አጠገባችን ብቅ ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። ያነበብኩት ሁሉ ስለ ግርማው እንጂ ስለ ትንፋሹ ሽታ አንድም ቃል አልነበረውም። በትንሽ ዓይኑ አየኝና፣ ያየው ነገር የበቃው ይመስል፣ ቀስ ብሎ ሰጠመ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ አንዲት ቢጫ ወፍ የያዝኩት መሪ ላይ አረፈች። አውራ ጣቴን ብታክል ነው። የየብስ ወፍ ናት፤ የብስ ደግሞ በየትኛውም በኩል ከሳምንት መንገድ በላይ ይርቃል።

“ነፋስ ያሳታት ናት” አለ ሐኪሙ። “ብዙ አትቆይም። ስም እንዳታወጣላት።”

ዳቦ ቆሎ አድቅቄ ሰጠኋት፤ ዞር ብላም አላየችው። በጠርሙስ ክዳን ውሃ ሳቀርብላት ግን ጠጣች። ከዚያ እጅጌዬ ውስጥ ገብታ ተኛች። በአንድ እጄ እየመራሁ፣ ሌላውን እንደ ተሰበረ ክንድ ደረቴ ላይ አድርጌ ዋልኩ። ባሕሩ፣ ሸራው፣ ሰማዩ ሁሉ ርቀው፣ ክንዴ ላይ የሚመታው ልቧ ብቻ ቀረኝ። ምቱ እየሳሳ ሲሄድ አፌ ሳያማክረኝ ተናገረ። “ገብርኤል፣ ይህቺን ወፍ መሬት ካደረስካት ጥላ አስገባልሃለሁ።”

ኮፍያዬ ውስጥ አደረች። ጠዋት ወጥታ ሸራውን አንዴ ዞረችና ወደ ምሥራቅ በረረች። ከዓይኔ ከጠፋች በኋላም እዚያው አቅጣጫ ሳይ ቆየሁ።

ቤት ስመለስ ስለቱን መደበቅ ነበረብኝ። አልደበቅኩም።

“ታዲያ ጥላው?” አለች ባለቤቴ፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

“ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። መሬት ስትደርስ ያየ የለም።”

ቀና አላለችም። “እንግዲያው ሰምጣለች ብለህ ማልልኝ።”

ልምል አፌን ከፈትኩ። እጅጌዬ ውስጥ ያ ትንሽ ምት ነበረ።

እሑድ ባለ ዘርፉን ጥላ ታቅፌ ቤተክርስቲያን ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀበሉኝ።

“ስለቱ የማን ነው፣ ልጄ?”

“የአንዲት መንገደኛ ነው፣ አባ።”

“በሰላም ገባች?”

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

“ገብታለች” አልኩ።